የዓለሚቱ ቀኖና

ሐምሌ ፮ ቀን ፲፰፻፶፪ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ

ጾመ ሐዋርያት ትናንት አለቀ። የምንፈስክበት ቅቤ ስለሌለ ፍስኩም ጾም መስሎ ዋለ።

እኔ ዘውገ ከደብረ ታቦር በታች ባለች ትንሽ ደብር ስድስት ዓመት ማኅሌት የቆምኩ ደብተራ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። አምና በወጣው አዋጅ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ተባለ። እኔ ቄስም ዲያቆንም አይደለሁም፤ ስለዚህ የማገለግልበት መሬት ለገባር ሄደ። ዜማዬን አልወሰዱብኝም፤ ዜማ ግን አይጋገርም።

አሁን የምንኖረው በእጄ ጽሕፈት ነው። ወይዘሮ አመተማርያም የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ባለጸጋ ሴት ዳዊት አስጽፈው ለደብሩ ሊሰጡ ተስለዋል፤ ለአንድ ባለ ስምንት ቅጠል ጥራዝ ሁለት ቁና እህል ይሰፍሩልኛል። ይህን የምጽፍበትም ከእሳቸው ብራና ጠርዝ የተቆረጠ ቅንጥብጣቢ ነው። ልመልስላቸው ይገባኝ ነበር። እንግዲህ አንዱ ኃጢአት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ።

ዛሬ ከሚስቴ ከዓለሚቱ ጋር ጎታውን አራግፈን ሰፈርን። ስምንት ቁና ገብስ፣ ሁለት ቁና ጤፍ፣ አንድ ቁና ባቄላ። አምና አንድ ቁና ሦስት ቀን ነበር የሚያቆየን። ዘንድሮ አምስት ቀን ይቆይ ብዬ ወሰንኩ። የስድስት ዓመቷ እመቤቴ ትበላለች፤ ጌጡ ግን የስምንት ወር ሕፃን ስለሆነ ጡት ይጠባል፤ ወጪ የለበትም። በዚህ ሒሳብ፣ የጽሕፈቱም ዋጋ ሲጨመር፣ መስከረምን እናያለን።

ለዓለሚቱ አነበብኩላት። «ያንቱ ሒሳብ መቼም ጥሩ ነው» አለች። ከጥሩነቱ በላይ ሌላ ነገር ልትል የፈለገች መሰለኝ፤ ግን አላለችም።

ሐምሌ ፱

ዝናብ። ብራናው እርጥበት ጠጥቶ ተኮማተረ። ቀለሙ አይደርቅም። በበጋ በአምስት ቀን የምጨርሰውን ጥራዝ አሁን በዐሥራ ሁለት ቀንም አልጨርሰው። ሒሳቤ ውስጥ ዝናብ አልነበረም። እንዴት ረሳሁት? ሐምሌ መሆኑን ከላይ ራሴ ጽፌ።

ሐምሌ ፲፩

ቀትር ላይ ለመብላት ስቀርብ ዓለሚቱ ለእኔና ለእመቤቴ አቅርባ እሷ ጌጡን ታቅፋ ከምድጃው ማዶ ተቀመጠች።

«ነይ እንጂ» አልኳት።

«ቀኖና አለብኝ።»

«መቼ የተሰጠሽ?»

«የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ አባ የመጡ ጊዜ። ጾመ ሐዋርያትን ከፈጸምሽ በኋላ ጀምሪ ብለውኛል።»

አባ ገብረየሱስ የሁለታችንም የነፍስ አባት ናቸው፤ የሚኖሩት ከጉማራ ወንዝ ማዶ፣ በአንበሳሜ መንገድ ላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ እሳቸውም አይመጡ፣ እኛም አንሄድ። የንስሐ ነገር የሰውዬውና የነፍስ አባቱ ስለሆነ ባል አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በዚህ ክፉ ዘመን ቤቴ ውስጥ የሚጾም ሰው አለ አልኩ። ደግሞም (ይህን ለራሴ ብቻ ነው የምጽፈው) ጎታው ትንሽ ይተነፍሳል።

ሐምሌ ፲፮፣ እሑድ

ዛሬም አልበላችም። ማታ ከእመቤቴ የተረፈውን ፍርፋሪ ነካ ነካ አደረገች፤ በቃ።

እሑድ ነው። በእሑድና በቀዳሚት እህል ሳይቀምሱ መዋል በሥርዓት የለም፤ ይህን ማንም የቆሎ ተማሪ ያውቃል። አባም ያውቃሉ። አውቀው ከሰጧት ሥርዓቱን ያስጣሰ ኃጢአት ነው ማለት ነው። ምን ይሆን? ከቤት የምትወጣው ለውኃ፣ ለእንጨትና ለቤተ ክርስቲያን ነው። አንዳንዴም ለገበያ።

ገበያ።

ይህን ቃል ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ነገ ጥራዙን ማስረከብ አለብኝ።

ሐምሌ ፲፱፣ ገብርኤል

ማኅሌቱን ከቅጥሩ ግድግዳ ተጠግቼ ሰማሁ። የቀሩት ሁለቱ ቄሶች ዜማውን አሳስተው አለፉ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ስንወጣ ሴቶቹ ከኋላዬ ያወራሉ። የጎረቤታችንን የወርቅነሽን ድምፅ ለየሁት። «ዓለሚቱን አያችኋት? አልቃለች እኮ። ቀሚሱ ነው የሚሄደው» አለች። ሌላዋ፣ «የደብተራ ሚስት መሆን ነዋ፤ ሲደግም አድሮባት ይሆናል» አለችና ተሳሳቁ። ዞሬ ብጋፈጣቸው ነውር ነው። ዝም ብዬ ብሄድም እውነት ይመስላል። ዝም ብዬ ሄድኩ።

በሩ ላይ ፈንታሁን ቆሟል። የእብናት ጥጥ ነጋዴ ነው፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ መመለሻ ስላጣ እዚሁ ከርሟል። ዓለሚቱን ሲያይ «ዓለሜ፣ ደኅና ነሽ?» አላት። የጥጥ ነጋዴ ሴቱን ሁሉ ዓለሜ ነው የሚለው፤ አውቃለሁ። እሷ ግን ሳቀች። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ በእኔ ቤት አንድ ቀን ስትስቅ አላየኋትም።

ሐምሌ ፳፪

ደምሴ መጣ። የዓለሚቱ ታላቅ ወንድም ነው፣ ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ። ጭቃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

«ደብተራ፣ የገብሴ አረም አሸንፎኛል» አለ። «ናና እንረም። በልተህ ትውላለህ፤ ማታ ማታ ለቤትህ የሚሆን እሰፍርልሃለሁ።»

«እጄ ለብራና የተማረ ነው። ከሻከረ ፊደሉ ይበላሽብኛል።»

የራሱን መዳፍ ዘርግቶ አየው፤ ከዚያ የእኔን አየ። «እውነትህን ነው። ያንተ ያምራል» አለ።

ሊወጣ ሲል ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ?»

«ቀኖና ላይ ነኝ ወንድም ጋሼ።»

ደምሴ ብዙ ጊዜ ያየው እኔን ነው። እኔን የሚያይበት ምክንያት አልገባኝም። ቀኖናው የእሷ ነው።

ሐምሌ ፳፭

ሌሊት ጣሪያው አፈሰሰ። አንድ ሙሉ ጥራዝ ረጥቦ ቀለሙ ተበላሸ። ስምንት ቅጠል፣ ቀዩም ጥቁሩም አንድ ላይ። የወይዘሮ አመተማርያም አሽከር መጥቶ አየው። የቆዳው ዋጋ ከእህሉ ይቀነሳል አለ። ሁለት ቁና ልቀበል ስጠብቅ ሁለት ቁና ዕዳ ገባብኝ።

ለዓለሚቱ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እኔ መቼም ቀኖናዬ ላይ ነኝ። እንደምንም ይበቃናል» አለች።

እንደ መልካም ወሬ ሰማኋት። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ሐምሌ ፳፯

ቀለም አለቀ። ቀለም ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ ከስሎ የተፈጨ ገብስ ይገባበታል። አንድ እፍኝ ከጎታው አውጥቼ ማቃጠል ጀመርኩ። እመቤቴ ሽታውን ተከትላ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ሳይጠቁር ትንሽ ስጠኝ።»

ግማሹን ሰጠኋት። ቀለሙ ይሣሣል፤ ይሣሣ። እየቆረጠመች ሳለ፣ «እናትሽም ቆሎ ትወድ ነበር፤ ምን ይሆናል፣ ጾም ላይ ናት» አልኩ።

«እማ እኮ ማልዳ ትበላለች።»

«ማን አለሽ?»

«ራሷ ናት። እኛ ሳንነሣ በልቻለሁ፣ አንቺ ያንቺን ጨርሺ ትለኛለች።»

የቀረው ገብስ ተቃጥሎ አመድ ሆነ። ለቀለምም አልሆነ።

ለእኔ እጾማለሁ፣ ለልጇ በልቻለሁ። አንዱ ውሸት ነው። የሚመስለኝ፣ ቀኖናውን ተቀብላ በድብቅ እያፈረሰች ነው። ሰው ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ካፈረሰ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አቤቱ፣ ሚስቴን እንዲህ አድርጌ የምመረምራት ምን ሆኜ ነው? ግን ማወቅ አለብኝ።

ሐምሌ ፳፱

ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ፣ የተኛሁ መስዬ ጠበቅኋት። ተነሣች። ውኃ ጠጣች። ጌጡን አጠባች፤ አለቀሰ፤ ወደ ሌላው ጡት አዞረችው፤ አለቀሰ። እንዝርቷን አነሣች። ሌላ ምንም አላየሁም። ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ናት።

ነሐሴ ፪

ፍልሰታ ትናንት ገባ። አሁን ሁሉም ይጾማል፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ልክ ይራባል። ደኅና ሰላም ተሰማኝ። ለዐሥራ አምስት ቀን ማን ለምን እንደጾመ የሚጠይቅ የለም።

ነሐሴ ፲፩

ጌጡ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ።

«ጥርሱ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ጥርሱ ነው» አለች ዓለሚቱ።

ጠዋት ወርቅነሽ ገብታ ሕፃኑን ከእጇ ወሰደችው፤ የራሷን ልጅ አስቀምጣ አጠባችው። ሲውጥ ድምፁ ከጽሕፈቴ ቦታ ይሰማኝ ነበር። ወርቅነሽ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ የሆነ ነገር ጠበቀች፤ እኔ የምናገረውን ይመስላል። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ጎረቤት ጥሩ ነገር ነው።

ነሐሴ ፲፮

ፍልሰታ ተፈታ። ወይዘሮ አመተማርያም የበግ እግር ሰደዱልን፤ ዕዳውን ያልረሱ ቢሆንም ቸር ሴት ናቸው። ወጡ ሲሸት እመቤቴ ዘለለች። ዓለሚቱ ለእኔ አወጣች፣ ለእመቤቴ አወጣች፣ ድስቱን ከደነች።

«ዛሬም?»

«ቀኖናዬ አላለቀም።»

ቆጠርኩ። ከሐምሌ ዐሥራ አንድ ጀምሮ አርባው ቀን ነሐሴ ሃያ ላይ ይሞላል። ከአርባ አያልፍም። አራት ቀን ልታገሥ።

ነሐሴ ፳፩

አርባው ትናንት ሞላ። ዛሬም አልበላችም።

ያለ ልማዴ ጮህኩ። «ስንት ቀን ነው የሰጡሽ?»

«እስኪበቃ ድረስ።»

«የሚበቃው መቼ ነው?»

«እህል ሲደርስ» አለችና ወዲያው፣ «መስከረም ሲጠባ ማለቴ ነው» ብላ አረመችው።

«ምን አድርገሽ ነው፣ ዓለሚቱ? እንዲህ ያለ ቀኖና ለትንሽ ነገር አይሰጥም።»

እንዝርቱን አስቀመጠች። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ድካም ነው። «እኔ ምን አድርጌያለሁ ብለው ያስባሉ?» አለችኝ።

የፈንታሁንን ስም ጠራሁ። ጠራሁት። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

 ጌጡን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ዝናብ ነበር፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች። ግቢ አላልኳትም።

ነሐሴ ፳፭

አራት ቀን ሆነ። ሰሐኑን ታቀርባለች፣ ሰሐኑን ታነሣለች።

እህሉን ሰፈርኩ። ሦስት ቁና ተኩል አለ። የሐምሌውን አንድ ጥራዝ ዋጋ ጨምረን፣ የቆዳውን ዕዳ ከፍለን ወደ አንድ መውረድ ነበረበት። ከየት መጣ? ደሜ ፈላና ፈንታሁን ወዳደረበት ቤት ሄድኩ። የጥጡ ከረጢት ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ያሰብኩትን ሁሉ ልናገረው አስቤ የወጣኝ፣ «ለሚስቴ እህል ትሰጣለህ?» የሚል ብቻ ነው።

ተነሥቶ ተቀመጠ። «እሰጣለሁ። ፈትል ትፈትልልኛለች። ሌሎቹ ዋጋቸውን አሞሌ ጨው ሲወስዱ እሷ ባቄላ ይሁንልኝ አለች። እስከ ዛሬ አንድ ቁና ይሆናል» አለ። ከዚያ አቀረቀረ። «ለአንተ እንዳልነግር ለምናኝ ነበር። ደብተራ ነው፣ ያፍራል አለች። ሌላ የምታስበው ነገር ካለ ወንድሜ፣ ቤትህ ገብተህ ሚስትህን በደንብ እያት።»

መንገዱን ሁሉ በኀፍረት ተጎንብሼ መጣሁ። በፈንታሁን በኩል ያለው ነገር ተዘጋ። ግን አንድ ቁና ነው ያለው፤ ትርፉ ሁለት ተኩል ነው። የቀረውስ? ሒሳቤ ጥሩ ስለነበረ ይሆናል።

ጳጉሜን ፫

ምንጭ ወርዳ ወደቀች። እንስራው ተሰበረ። ወርቅነሽና ሌላ ሴት ደግፈው አመጧት፤ ከንፈሯ ነጭ ነው። ሲያስተኟት ቀሚሱ ከትከሻዋ ሸሸ፤ የአንገቷን አጥንት አየሁ። ወርቅነሽ አጥሚት አፍልታ ልታጠጣት ስትል ዓለሚቱ ዓይኗን ሳትከፍት፣ «ለእመቤቴ ስጫት» አለች።

ጌጡን ወርቅነሽ ወስዳዋለች። «ጡቷ ደርቋል» ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ።

ቀኖናው ሊገድላት ነው። ኃጢአቱ ምንም ይሁን፤ አሁን ማወቅ አልፈልግም። ጉማራ እንደጎደለ አባ ዘንድ እሄዳለሁ። ባል የሚስቱን ቀኖና ተካፍሎ መጾም ይችላል፤ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ። ግማሹን እለምናቸዋለሁ። እምቢ ካሉ ሁሉንም።

መስከረም ፩ ቀን ፲፰፻፶፫፣ ዘመነ ማቴዎስ

ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው በየደጁ ዘፈኑ። እኛ ደጅም ቆሙ። የምሰጣቸው አጣሁ።

ወንዙ ገና ነው አሉ።

መስከረም ፬

ሄጄ መጣሁ። ውኃው ደረቴ ድረስ ነበር።

አባ ገብረየሱስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ክረምቱ ጉልበታቸውን ይዞታል። እግራቸውን ስሜ ያለ ወግ ጀመርኩ።

«አባ፣ የዓለሚቱን ቀኖና ያካፍሉኝ። ባለፈው ዓርብ ምንጭ ወርዳ ወደቀች። የቀረውን እኔ ልጹምላት።»

«ስንት ጊዜ ጾመች?»

«ከሐምሌ ዐሥራ አንድ እስከ ዛሬ። ቀዳሚትንም እሑድንም።»

 የያዙትን ዳዊት ዘጉ።

«ልጄ፣ እሷ የነገረችኝን አልነግርህም፤ እኔ ያልኳትንም አልነግርህም። አንድ ነገር ግን ምሥጢር ስላልሆነ ገበያ መሐል ቆሜም እናገረዋለሁ። ሕፃን ለምታጠባ ሴት እኔ ጾም አዝዤ አላውቅም። በሰንበት ጹሚ ያልኩትም ሰው የለም። አንተ ይህን ያህል ዘመን ተምረህ እንዴት አመንክ?»

የራሰውን ነጠላዬን እያጠማዘዝኩ ውኃውን ጨመቅኩ።

«ቤትህ ስንት ቁና አለ?»

«አንድ ተኩል።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ባዶ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ።

 ቀኖና ይስጡኝ፣ ሚስቴን በሐሰት ጠርጥሬያለሁ አልኳቸው። «የአማችህ ገብስ ደርሷል ሲባል ሰምቻለሁ። ማጭድ ያዝለት። ሌላ የምሰጥህ የለኝም» አሉ።

ስመለስ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ቁርጥራጭ ብራና አሁን በምድጃው ብርሃን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሁሉም እዚሁ ተጽፏል። ልጄ ነግራኛለች። ደምሴ በዓይኑ ነግሮኛል። ወርቅነሽ በር ላይ ቆማ ጠብቃኛለች። እኔ ኃጢአት ስፈልግ ከረምኩ፤ ሥርዓት ማወቄም ለዚሁ ጠቀመኝ፤ እሑድ መጾሟን አይቼ ርኃቡን ሳይሆን ወንጀሉን መዘንኩ። ጌጡ ወጪ የለበትም ብዬም ጽፌያለሁ። ጌጡ እናቱን ሲበላ ነው የከረመው፤ እኔም እንዲሁ።

አፍራለሁ። ለምን እንዳልነገረችኝም አውቃለሁ። የዚያን ቀን ለደምሴ እጄ ለብራና የተማረ ነው ስል እሷ እዚያው ነበረች። የራሴን ነገር እንደማልተው አውቃ የእሷን ተወች። ቀኖና ካለችኝ እንደማልጠይቅም አውቃለች። ባልዋን በደንብ ነው የምታውቀው።

አሁን ተኝታለች። ቀስቅሼ ይቅር በይኝ ልላት ፈለግኩ። ግን አውቄብሻለሁ ካልኳት ነገ ሌላ ዘዴ ትፈልጋለች፤ ከእኔ ትበልጣለች።

መስከረም ፭

ደምሴ ዘንድ። ከቆላው ወገን ያለው ቶሎ ደራሽ ገብሱ ደርሷል። ማጭድ አያያዝ አላውቅም። አጫጆቹ «ደብተራ፣ ገብሱን በዜማ ነው የምታጭደው?» አሉኝ። ሳቅኩላቸው። ደምሴ አልሳቀም፤ አጠገቤ ሆኖ እያዘገመ አጨደ። መዳፌ ቆስሏል፤ ፊደሌ ከእንግዲህ መበላሸቱ አይቀርም። ማታ አንድ ቁና ያህል ነዶ በትከሻዬ ይዤ ገባሁ።

ዓለሚቱ ነዶውን አየች። እጄን አየች።  ግን ራት ሲቀርብ እንደ ልማዷ ከማዶ ተቀመጠች። አንድ ቁና አላሳመናትም። እውነቷን ነው፤ እህሉ ገና ነው።

መስከረም ፯፣ እሑድ

ወርቅነሽ ጌጡን አጥብታ አምጥታልን ሄደች። ዓለሚቱ መሶቡን አቀረበች፤ ለእመቤቴ ለብቻዋ አወጣችላት። ለእኔ ቆርሳ ስትሰጠኝ አልተቀበልኩም።

«ምነው?» አለች።

«ሐሙስ አባ ዘንድ ሄጄ ቀኖና ተሰጠኝ።»

እጇ መሶቡ ላይ ቆመ። አባ ዘንድ መሄዴን አልነገርኳትም ነበር፤ ለእንጨት የሄድኩ መስሏት ነው የሰነበተችው።

«ምን የሚል ቀኖና?»

«ሚስትህ ሳትጎርስ እንዳትጎርስ የሚል። እሷ አንድ ስትል አንተም አንድ። እሷ ስትተው አንተም ተው ብለውኛል።»

«እንዲህ ያለ ቀኖና ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔም በሰንበት የሚጾም ቀኖና ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

አየችኝ። እኔም አየኋት። በክረምቱ ሁሉ እንዲህ በደንብ ያየኋት ዛሬ ነው ብል አላበልኩም። ጉንጯ ገብቷል፤ ዓይኗ ትልቅ ሆኗል። አውቃለች። ማወቄንም አውቃለች። ግን ሁለታችንም አባን ውሸታም አላደረግንም።

«ስንት ቀን ሰጡዎት?»

«አርባ።»

«አርባው ሲያልቅስ?»

«ይጨምሩብኛል። ኃጢአቴ ብዙ ነው።»

ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ግን ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በነጠላዋ ጠርዝ ዓይኗን ጠረገች። እመቤቴ፣ «እማ፣ ነይ ብዪ፤ አባዬ ራበው» አለቻት።

ቆረሰችና ጎረሰች። ጎረስኩ። ሁለተኛውን ትንሽ አድርጋ ቆረሰች፤ እኔም ያንኑ ያህል ትንሽ አድርጌ ቆረስኩ። አይታ ሦስተኛውን ደኅና አድርጋ ቆረሰች። እንዲህ እየተጠባበቅን መሶቡ ባዶ ሆነ። ዛሬ ሁለታችንም ሳንጠግብ ተነሣን።